መኪናው ቆሟል፣ ባትሪው ግን ሥራ ላይ ነው

አራት ወር ቆሞ የከረመውን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን የቤት መኪናዬን በር ከፍቼ ገባሁ። መብራት አበራለሁ ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም የለም። የውሃ ፓምፑን ሞከርኩ። እሱም ዝም። መልቲሜትር አምጥቼ ባትሪውን ስለካው 4.1 ቮልት አለኝ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው እንግዲህ። 4.1 ከሆነማ ወርዷል አይባልም፣ ሞቷል ነው የሚባለው።

የሚያናድደው፣ ስሄድ ሶኬት ላይ ሰክቼው ነበር። "ቻርጅ ላይ ነው" ብዬ አራት ወር ሙሉ ሐሳቤን ጥዬ ተቀመጥኩ። ኋላ ሳየው ሶኬቱ እርጥበት ሲነካው ለጥንቃቄ ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት ነው። አንድ ቀን ዝናብ መታው፣ ጠፋ፣ መልሶ የሚያበራው ሰው አልነበረም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ባትሪውን የገደለው የሶኬቱ መጥፋት አይደለም። ሶኬቱ መስጠት ነው ያቆመው። ሲወስድ የከረመው ሌላ ነው፤ ያውም ከመኪናው ውስጥ። እኔ ስለሚገባው ስጨነቅ የሚወጣውን አላየሁም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛውን ቻርጀር ልግዛ?" ብሎ ነው። የሚያፈስ በርሜል ይዞ ትልቅ ቧንቧ እንደ መፈለግ ነው።

የቤት መኪና የምለው አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መታጠቢያ ያለውን፣ አርቪ ወይም ካምፐር የሚባለውን ነው። በሌላ መኪና የሚጎተተውም ካራቫን እዚሁ ይገባል። ሞተር ያለው የቤት መኪና ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው። አንዱ ሞተር ለማስነሳት ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ትልቅ ጉልበት ይሰጥና ያርፋል። ሌላው የቤቱ ባትሪ ነው፤ መብራቱን፣ ፓምፑን፣ የማሞቂያውን ፋን ለሰዓታት በዝግታ የሚያንቀሳቅሰው። እዚህ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

የቤት ሌቦች

መኪናውን ቆልፈን ስንሄድ ሁሉንም ያጠፋን ይመስለናል። እስቲ ከመውጣታችሁ በፊት መብራቱን አጥፍታችሁ ወደ ወለሉ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ታያላችሁ። የጋዝ ጠቋሚዋ ናት። የምድጃው ፕሮፔን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያመልጥ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ለዚህ ነው ወለሉ አጠገብ የምትገጠመው። ሥራዋ ሕይወት ማዳን ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማጥፊያ የላትም። ቀን ከሌት ከባትሪው ትቀዳለች።

ስንት ትወስዳለች? 0.1 አምፔር አካባቢ። ሲሰሙት ምንም አይደለም። ግን 0.1 አምፔር በ24 ሰዓት ሲባዛ 2.4 አምፔር-ሰዓት ነው፤ የባትሪ ይዘት የሚለካው በዚህ ነው። በወር 72 ይሆናል። የቤት ባትሪያችሁ 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ከሆነ፣ ይህች ምስኪን መብራት ብቻዋን በሦስት ሳምንት ግማሹን ትጨርሰዋለች።

እሷ ብቻ ብትሆን ደግ ነበር። ቴፑ ሰዓቱንና ጣቢያውን እንዳይረሳ ትንሽ ይወስዳል። የፍሪጁና የማሞቂያው ቦርድ ትእዛዝ እየጠበቀ ትንሽ ይወስዳል። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚያወራው መለኪያ፣ የሶላር መቆጣጠሪያው ስክሪን፣ ኤሌክትሪክ መወጣጫው፣ ሁሉም ከንፈሩን ያርሳል። ሁሉም ተደምሮ 0.25 አምፔር ቢደርስ በቀን 6 አምፔር-ሰዓት ነው። ባትሪው በ17 ቀን ባዶ።

ኢንቨርተር ከተረሳ ደግሞ ጉድ ፈላ። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥን ማለቴ ነው። ትልቅ ከሆነ፣ ምንም ሳይሰካበት እንኳ 1 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በአራት ቀን አለቀ ደቀቀ።

የእናንተን መኪና ግን በግምት አትሂዱበት። መለካት አስር ደቂቃ አይፈጅም። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሶላር ካለም አላቁት። ስትሄዱ የምታጠፉትን ሁሉ አጥፉ። ኢንቨርተሩ በራሱ ወፍራም ገመድ ከባትሪው ጋር የተያያዘ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ለዩት፤ ሲገናኝ በአንዴ የሚስበውን ጉልበት መለኪያው አይችለውም። ከዚያ ጥቁሩን፣ የነጌቲቩን ገመድ ፈታችሁ ከባትሪው አንሱት። መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርጉ። ቀዩንም ሽቦ ከቮልቱ ቀዳዳ ነቅላችሁ ወደ 10 አምፔሩ ቀዳዳ አዛውሩ፤ ይሄን እየረሳሁ ስንት ደቂቃ "ምንም የሚወስድ የለም" ብዬ እንደተደሰትኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱን ጫፍ ገመዱን የፈታችሁበት የባትሪው ፖል ላይ፣ ሌላውን የፈታችሁት ገመድ ላይ አስነኩ።

አሁን ከባትሪው የሚወጣው ሁሉ በመለኪያው ውስጥ ነው የሚያልፈው። መጀመሪያ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ዕቃዎቹ እየተነሱ ነው፣ ጥቂት ታገሱት። ሲረጋጋ የምታዩት ቁጥር የሌቦቹ ድምር ነው። ማን ማን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩ የቱ ላይ እንደሚወርድ እዩ። በዚህ መሀል ፓምፕ ወይም ሌላ ትልቅ ነገር እንዳታስነሱ ብቻ፤ የመለኪያው ፊውዝ ይቃጠላል።

ባዶ ቢሆንስ?

"ታዲያ ባዶ ቢሆን ምን አለበት? ስልኬ በየቀኑ ባዶ ይሆናል፣ እሞላዋለሁ" የሚል ሰው አያለሁ። የእርሳስና አሲድ ባትሪ እንደ ስልክ አይደለም። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ በ1859 ካወጣው ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፣ ይህ ጠባዩ ግን አልለቀቀውም።

ውስጡ እንዲህ ነው። የእርሳስ ሰሌዳዎች በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረዋል። ኃይል ስንወስድ በአሲዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት ወደ ሰሌዳዎቹ ሄዶ ይለጠፋል፤ አሲዱ እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይቀርባል። ቻርጅ ስናደርግ ሰልፌቱ ከሰሌዳው ለቆ ወደ አሲዱ ይመለሳል። አዲስ የተለጠፈ ሰልፌት እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ በቀላሉ ይለቃል። ለሳምንታት እዚያው ከተተወ ግን ደቃቁ ብናኝ እየተሰባሰበ ትልልቅና ጠንካራ ክሪስታል ይሆናል። እርጥበት የመታው ጨው ዕቃው ውስጥ ድንጋይ እንደሚሆነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ቻርጀር ቢሰካ አይፈታውም። በክሪስታል የተሸፈነው የሰሌዳ ክፍል ከሥራ ውጭ ሆነ ማለት ነው። ሰልፌሽን ይሉታል።

ምልክቱ ሰውን ያታልላል። እንዲህ የሆነ ባትሪ ቻርጀር ሲሰካለት ቶሎ "ሞላ" ይላል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ማታ መብራት አብርቶ ሁለት ሰዓት ሳይቆይ ጨለማ ነው። ቶሎ የሞላው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፤ የሚሞላ ቦታ ስላልቀረው ነው።

ሌላው ችግር ብርድ ነው። የሞላ ባትሪ አሲዱ ወፍራም ስለሆነ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ እንኳ አይረጋም። ባዶ ባትሪ ግን ውስጡ ውሃ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ሲሆን በረዶ ይሠራና ሰሌዳውን ያጣምማል፣ ሳጥኑንም ይሰነጥቃል። በረዶ የሆነ ባትሪ ካጋጠማችሁ ቻርጀር እንዳታስነኩት፤ ሊፈነዳ ይችላል።

የት ላይ እንዳለ በቮልት ማወቅ ይቻላል፤ መኪናው ሳይነካና ቻርጅ ሳይደረግ ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ መለካት ነው። ከቻርጀር እንደወረደ ብትለኩት ላይ ላዩን የተንሳፈፈው ቮልት ይሸውዳችኋል። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል፤ ዝጉ የሆነው ኤጂኤም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። 12.4 አካባቢ ሩብ ያህሉ ሄዷል። 12.1 ግማሽ ነው። ከ11.9 በታች ባዶ በሉት። ከ12.7 እስከ 12.1 ያለችው ልዩነት ስድስት አስረኛ ቮልት ብቻ መሆኗን አስተውሉ። "12 ቮልት አለው፣ ደህና ነው" የሚለው አነጋገር ብዙ ባትሪ ቀብሯል። እኔ 12.4 ሲደርስ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ከዚያ በታች አላቆየውም።

መቁረጥ፣ መሰካት፣ ወይም ፀሐይ

እኔ ከሁሉ የምወደው መቁረጡን ነው። ባትሪውን ጢም አድርጎ መሙላት፣ የነጌቲቩን ገመድ ፈትቶ ማንሳት፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ፖሉን እንዳይነካ ማራቅ፣ አለቀ። ሌባ ከሌለ የሚቀረው ባትሪው በራሱ የሚያጣው ነው። ውሃ የሚጨመርበት በወር 5 በመቶ አካባቢ ያጣል፣ ኤጂኤም ከዚያ ያነሰ። ሙቀት ሲጨምር ይህ ይፈጥናል፤ በየ10 ዲግሪው እጥፍ ይሆናል ብትሉ ብዙ አትርቁም። ስለዚህ ቀዝቃዛ ቦታ የቆመ ሙሉ ባትሪ ሦስት ወር ምንም አይለውም። ሞቃት ቦታ ከሆነ ግን በየወሩ ቮልቱን ማየት ነው።

ብዙ መኪና በር አጠገብ የባትሪ ማጥፊያ አለው። ምቹ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። የጋዝ ጠቋሚዋ ብዙ ጊዜ ማጥፊያውን አልፋ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ትያያዛለች። ማጥፊያውን ካጠፋችሁ በኋላ አረንጓዴዋ መብራት አሁንም ካለች መልሱን አገኛችሁ። ሌላም ተንኮል አለው። በአንዳንድ መኪና የውስጡ ቻርጀርም በዚሁ ማጥፊያ በኩል ነው ባትሪውን የሚያገኘው። ማጥፊያውን አጥፍቶ ሶኬት የሰካ ሰው ባትሪውን እየሞላ ይመስለዋል፤ ቻርጀሩ ግን ከተዘጋ በር ጋር ነው የሚታገለው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሶኬቱ ተሰክቶ ባትሪው ፖል ላይ ለኩ። ከ13 በላይ ካለ እየገባ ነው። 12 ምናምን ላይ ከቆመ ምንም እየገባ አይደለም።

ገመድ ስታነሱ ሁለት ነገር እንዳትረሱ። ሶላር ካለ መጀመሪያ ፓነሉን አላቁ፣ ከዚያ ባትሪውን፤ ብዙ መቆጣጠሪያ ባትሪ ሳይኖር ከፓነል ጋር ብቻውን መተውን አይወድም። የሚጎተት ካራቫን ከሆነ ደግሞ፣ በመንገድ ላይ ቢላቀቅ ራሱን የሚያቆምበት የአደጋ ፍሬን በብዙው ካራቫን የሚሠራው በዚሁ ባትሪ ነው። ገመዱን ሳትመልሱ መንገድ አትውጡ። የጋዝ ጠቋሚዋም እንደዚሁ፤ ሲሊንደሩ ተዘግቶ ሰው ሳይኖር ብትጠፋ ችግር የለውም፣ ሰው የሚያድርበት ቀን ግን መብራቷ መታየት አለበት።

መሰካትን የምትመርጡ ከሆነ ዋናው ጥያቄ ቻርጀሩ መቼ መቆም እንዳለበት ያውቃል ወይ ነው። ደህናው ቻርጀር መጀመሪያ በኃይል ይሞላል፣ 14.4 ቮልት አካባቢ ደርሶ የመጨረሻውን ቀስ ብሎ ያጠናቅቃል፣ ከዚያ ወደ 13.2 ወይም 13.5 ወርዶ ባትሪው በራሱ የሚያጣውን ብቻ እየተካ ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው ፍሎት ይባላል፤ ወራት ቢቆይበት አይጎዳም። በአሮጌ መኪኖች ያለው ቻርጀር ግን ሙሉም ሆነ ባዶ አንድ ቮልት ነው የሚያውቀው። ባዶውን በቅጡ አይሞላም፣ ሙሉውን ደግሞ ለወራት ሲያፈላው ይከርማል። ውሃው ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን እየተለወጠ ይሄዳል፣ ሰሌዳው ከውሃ በላይ ብቅ ይላል፣ ብቅ ያለው ክፍል ይበላሻል። እንዲህ ዓይነት ቻርጀር ካላችሁ ወይ በየወሩ ክዳኑን ከፍታችሁ የተጣራ ውሃ ጨምሩ፣ ወይ ቻርጀሩን ቀይሩት። ሃይድሮጂን ተቀጣጣይ ስለሆነ የባትሪው ሳጥን መተንፈሻ እንዳይደፈን።

መሰካት ለሰነፍ ይመቻል፣ እኔም ሰነፍ ነኝ። ግን ሶኬት ይጠፋል፣ ብሬከር ይወድቃል፣ ገመድ ይረገጣል። ሌቦቹ ክፍት ሆነው ሶኬቱ ከጠፋ፣ የኔን ታሪክ አንብባችኋል።

ሶላር ደግሞ በስሌት ነው። ባለ 20 ዋት ትንሽ ፓነል ደህና ፀሐይ ለ4 ሰዓት ቢያገኝ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ በቀን 4 ወይም 5 አምፔር-ሰዓት ያስገባል። የጋዝ ጠቋሚዋን 2.4 ይሸፍናል። ሌቦቹ 6 ከሆኑ ግን በየቀኑ ኪሳራ ነው። ፓነሉ ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ ተኝቶ አቧራ ከለበሰ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መኪናው መጠለያ ውስጥ ከቆመማ ፓነሉ ጌጥ ነው። በተረፈ መቆጣጠሪያ ሳይገባ ፓነልን ከባትሪ ጋር በቀጥታ አታያይዙ።

አራተኛ መንገድ አለን የሚሉ አሉ፤ በየሳምንቱ ሞተር አስነስቶ አስር ደቂቃ ማቆየት። አይሆንም። የእርሳስ ባትሪ የመጀመሪያውን ክፍል በፍጥነት ይቀበላል፤ የመጨረሻዋን 20 በመቶ ግን ለሰዓታት ነው የሚጎትታት። በአስር ደቂቃ የዲናሞ ሥራ እዚያ አይደረስም። ሰልፌቱ የሚጠነክረው ደግሞ ባልሞላው ክፍል ላይ ነው። ነዳጅ ይቃጠላል፣ ባትሪው እንደተራበ ይቀራል።

ባትሪ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ይወርዳል የሚባለውም ያለፈበት ነው። ድሮ የባትሪ ሳጥን ከእንጨትና ከጠንካራ ጎማ ሲሠራ እርጥበት መንገድ ይከፍትለት ነበር። የዛሬው ፕላስቲክ ሳጥን ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን ምንጣፍ ግድ አይሰጠውም።

ሊቲየም ከሆነ ሁሉን ገልብጡት

አሁን አሁን ብዙ ሰው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን እያስገባ ነው። እላይ ያልኩትን ለሱ እንዳለ ብታውሉት ትጎዱታላችሁ። እሱ ጢም ብሎ መክረም አይወድም፤ ሙሉ ሆኖ ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ቶሎ ያረጃል። የሚስማማው ግማሽ ወይም ትንሽ ከግማሽ በላይ ሆኖ፣ ከሁሉም ተላቆ፣ ብቻውን መተኛት ነው። በራሱ የሚያጣው በጣም ትንሽ ስለሆነ በየሦስት ወሩ ማየት ይበቃል። ፍሎት ላይ ለወራት መስቀል አያስፈልገውም።

በቮልት ግን ስንት እንዳለው ማወቅ ያስቸግራል። ከሙሉ እስከ 20 በመቶ ድረስ 13 ቮልት አካባቢ ሳይነቃነቅ ይሄድና መጨረሻ ላይ ገደል ይገባል። ስለዚህ የገባውንና የወጣውን አምፔር እየቆጠረ የሚያሳይ መለኪያ ነው የሚያዋጣው።

ውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል ጠባቂ ቦርድ አለ። ሌቦቹ ባትሪውን ከጨረሱት ቦርዱ በሩን ይዘጋና ፖሉ ላይ ዜሮ ቮልት ይታያል። ብዙ ሰው ያኔ "ሞተ" ብሎ ይጥለዋል። አልሞተም፤ ተኝቷል። ሊቲየምን መቀስቀስ የሚችል ቻርጀር ብዙ ጊዜ ያስነሳዋል። እንደተዘጋ ለወራት ከተተወ ግን ቦርዱ ራሱ የቀረችውን ጠብታ እየላሰ ሴሎቹን ወደማይመለሱበት ያወርዳቸዋል።

ብርድ ላይም ሊቲየም የራሱ ሕግ አለው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ዝም ብሎ ቢቀመጥ ችግር የለውም። ቻርጅ ማድረግ ነው ክልክሉ። በዚያ ብርድ ሲሞላ ሊቲየሙ ሴሉ ውስጥ ወዳለው ግራፋይት (የካርቦን ንጣፍ) መግባት ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። ደህና ቢኤምኤስ ራሱ ያግዳል። የእናንተ ማገድ አለማገዱን የማታውቁ ከሆነ በብርዱ ወራት ሶላሩን አላቁት።

የኔ አዲስ ባትሪ እርሳስ ነው፤ ሊቲየም ለመግዛት ኪሴ አልደፈረም። ሳጥኑ ክዳን ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ቁጥር እጽፍበታለሁ። ገመዱን ያነሳሁ ቀን 12.71። ከወር በኋላ 12.67። ባለፈው ሳምንት 12.62። ጥቁሩ ገመድ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጎኑ ተኝቷል፣ አረንጓዴዋም መብራት ጠፍታለች። መሪው ላይ ሌላ ፕላስተር አለ፤ "ጋዝ ከመክፈትህ በፊት ገመዱን መልስ" ይላል።